የፊሎሚዝ እድገት

በእኛ ግቢ እንግዳ የአንድ ቤት ሆኖ አያውቅም። አንዷ ጋ ቄሱ ይመጣሉ ወይም አማች ይመጣል ከተባለ፣ የሁላችንም ቤት ዕቃ እግር ያወጣል። ጠረጴዛው ከአንዱ፣ ወንበሩ ከሌላው፣ ብርጭቆው ከእኔ። እንግዳው በልቶ ጠጥቶ፣ ቤቱን መርቆ ይሄዳል፤ ዕቃውም ወደየቤቱ ይመለሳል። አዋስኩ፣ ተዋስኩ የሚባል ነገር የለም። የኦርዚሊያ ልጅ የመጀመሪያ ቁርባኗን የተቀበለች ቀን የእኔ መጋረጃ እሷ መስኮት ላይ ተሰቅሎ፣ እኔው ራሴ በእንግዶቹ ፊት "ኦርዚሊያ፣ ይሄን የመሰለ መጋረጃ ከየት አገኘሽ?" ብያታለሁ። እሷም ሳታፍር "ከሌ ካይ ከተማ ነው ያስመጣሁት" አለችኝ። እንዲህ ነው የምንኖረው።

ግቢያችን አኬን በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ውስጥ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ነው። ባሌ ኦሬስት ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ማዳም ኦሬስት ይለኛል፤ የራሴን ስም የሚጠይቀኝ ስለሌለ እኔም ወደ መርሳቱ ነኝ። ግድግዳ ለግድግዳ የምጎራበተው ከፊሎሚዝ ጋር ነው። ፊሎሚዝ አበልጄ ናት፤ ትልቋን ልጇን ጌርላንድን ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ።

የፊሎሚዝ ባል ለሥራ ብሎ ቺሊ ሄደ። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውል ነበር፤ ቀጥሎ ለበዓል ለበዓል ሆነ፤ በመጨረሻ ስልኩን ሌላ ሴት ታነሳው ጀመር። ፊሎሚዝ ከሦስት ልጆች ጋር ቀረች። ሁለቱ ወንዶች ያኔ ገና ጡት የጣሉ ነበሩ፤ ጌርላንድ ግን ውሃ ትቀዳለች፣ ሰሃን ታጥባለች። ሥራ የለመደች ሴት ልጅ ደግሞ በእኛ አገር ፈላጊዋ ብዙ ነው። ሌ ካይ የምትኖር ማዳም ቢየኔሜ የምትባል ሴትዮ "እንደ ልጄ አስተምራታለሁ" ብላ ወሰደቻት። ሰው ቤት ምን እንደሚማሩ ሁላችንም እናውቃለን። ለገና ልጠይቃት ብሄድ፣ እጇ እንደ ባልቴት እጅ ተሰነጣጥቆ፣ እኔን የክርስትና እናቷን "እመቤት" ብላ ጠራችኝ። የያዝኩላትን የጣፋጭ ከረጢት እንኳ ማዳም ቢየኔሜ ናት የተቀበለችኝ።

ከዚያ ፕሮጀክቱ መጣ። ስሙ ረጅም ነው፤ እኛ "ፕሮጀክቱ" እንለዋለን። ችግረኛ ቤተሰቦችን ይመርጣል፣ ሙያ ያስተምራል፣ መሣሪያ ይሰጣል፣ ከዚያ በየጊዜው እየመጣ ምን ያህል እንደተለወጡ ያያል። ከእኛ ግቢ ፊሎሚዝና ኦርዚሊያ ተመረጡ። ልብስ ስፌት ተማሩ፤ ሲጨርሱ በእግር የሚመታ የስፌት መኪና አንድ አንድ ተሰጣቸው። በምረቃው ቀን ከዋና ከተማ የመጡ አለቃ በፈረንሳይኛ ንግግር አደረጉ። ፈረንሳይኛ ሲነገር እኛ መሃል ላይ እናጨበጭባለን፣ ሲያልቅም እናጨበጭባለን። የመኪናዎቹን ደንብ የተናገሩት ያኔ ነበር አሉ። በደንብ ነው ያጨበጨብንለት።

ፊሎሚዝ መኪናው ላይ ተጣበቀች። መጀመሪያ የግቢውን የተቀደደ ሁሉ ጠገነች፤ የኦሬስትን ሱሪ እንዲያው ነገሩ እስኪጠፋኝ ድረስ አደሰችው፣ ለብሶት ሲመጣ ሌላ ወንድ ቤቴ የገባ መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ የገበያ ሴቶች ቀሚስ፣ ቀጥሎ የተማሪ ዩኒፎርም መጣላት። ለፋሲካ ሰሞን ሌ ካይ ሄዳ ማዳም ቢየኔሜ ደጃፍ ቆመች፤ ምን እንደተባባሉ አልነገረችንም። ማታ ላይ ጌርላንድን ራሷ የሰፋችውን ቢጫ ቀሚስ አልብሳ ይዛት ገባች።

የመጀመሪያ ሰሞን ጌርላንድ ማንም ሳይነሳ ተነስታ የሁላችንንም ደጃፍ ትጠርግ ነበር።

"ኧረ ልጄ ተኚ፣ እዚህ የሚቆጣሽ የለም" እላታለሁ።

"እሺ እመቤት" ትለኛለች።

ቀስ በቀስ ተወችው። አንድ ቀን እናቷ ክር ግዢ ብላ ስትልካት "አልሄድም፣ ደክሞኛል!" ስትል ሰማኋት። ፊሎሚዝ በጥፊ ልትላት እጇን አነሳችና እዚያው አየር ላይ እንዳለ ሳቋ መጣ። እኔም ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ሳቅኩ። እድገት የሚባለው ነገር ካለ፣ እኔ ያየሁት ያን ቀን ነው።

የኦርዚሊያ መኪና ግን ሌላ ታሪክ ነው። ኦርዚሊያ ለስፌት እጅ የላትም፤ የተሰጣት አፍ ነው። መኪናውን በዳንቴል ሸፍና፣ ላዩ ላይ የፕላስቲክ አበባ አስቀምጣ፣ ለቤቱ ውበት አደረገችው። በሰኔ የፕሮጀክቱ ሰው ሙሴ ኬስኔል፣ አቶ ኬስኔል እንደ ማለት ነው፣ ለክትትል መጣ። ትሑት ልጅ ነው፤ ሰደርያ ለብሶ፣ ታብሌት በደረቱ ታቅፎ፣ ሰላም ሲል ጎንበስ ይላል። ዳንቴሉን ገለጠው፣ መርፌው ዝጓል። "ይህ ቤት ለውጥ አላሳየም" አለና መኪናውን አስጭኖ ሄደ። ኦርዚሊያ እስከ ዓሣ ገበያው ድረስ እየጮኸች ተከተለችው። ለፊሎሚዝ ደግሞ "በነሐሴ ለዓመቱ ማጠቃለያ እመጣለሁ፣ እድገት ማየት እንፈልጋለን" ብሏት ሄደ።

ነሐሴ ሲደርስ እንግዲህ ግቢው ተሰበሰበ።

"ቤቴ እንዳለ ይየው" አለች ፊሎሚዝ። "ተጠርጓል፣ መኪናው ይሠራል፣ የተቆረጠው ዩኒፎርም ተቆልሏል። ሌላ ምን ይፈልጋል?"

"እድገት ነዋ!" አለች ኦርዚሊያ። "የእኔስ ቤት ተጠርጎ አልነበር? ጭነው ነው የሄዱት።"

"አንቺ መኪናው ላይ አበባ ተክለሽ ነው" አልኳት።

"የፕላስቲክ ነው! አልተከልኩም!"

ከማዶ የሚኖሩት ጋሽ ኔሬስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ድሮ ጉምሩክ በር ላይ ዘበኛ ነበሩ፤ ስለዚህ የመንግሥት ነገር ሁሉ እሳቸውን ነው የምንጠይቀው። "እድገት በዓይን ካልታየ የለም ማለት ነው" አሉ። "ሰውዬው ከከተማ ነው የሚመጣው። አንዲት ወንበርና አንዲት አልጋ አይቶ 'ዓመት ሙሉ ምን ስትሠሪ ከረምሽ?' ይልሻል። ቴሌቪዥኔን ውሰጂ።"

"ጋሽ ኔሬስ፣ የእርስዎ ቴሌቪዥን እኮ ምስል የለውም።"

"ድምፅ አለው! እድገት ከድምፅ ይጀምራል።"

ኦርዚሊያ ማራገቢያዋንና አንድ ዶሮ እሰጣለሁ አለች፤ እንዲህ ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ለዶሮው ይሁን ለመኪናዋ እንጃ። ፊሎሚዝ አሁንም ልቧ አልቆረጠም። ጌርላንድ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ዩኒፎርም ላይ ቁልፍ ትተክላለች። ፊሎሚዝ ወደ እኔ ጠጋ አለችና ልጅቷ እንዳትሰማ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "አበልጄ፣ ማዳም ቢየኔሜ እስካሁን ሌላ ልጅ አላገኘችም። ባለፈው ሳምንት ሰው ልካብኛለች" አለችኝ። "መኪናው ከሄደ ሦስቱን ማብላት አልችልም። ይቺ ትሄዳለች።"

"እንግዲያው ኩራትሽን ለሌላ ቀን አስቀምጪው" አልኳት። "ፍሪጄን ትወስጃለሽ።"

ፍሪጄ ከተገዛ ጀምሮ በርዶ አያውቅም። ሰፈራችን መብራት የለም፤ ሰሃንና የኦሬስትን የእሑድ ሸሚዝ ነው የማስቀምጥበት። ግን ነጭ ነው፣ ትልቅ ነው፣ በሩ ሲዘጋ የሀብታም ቤት ድምፅ ያወጣል። በጉብኝቱ ቀን ጠዋት ኦሬስት ባሕር ላይ ሳለ ሰሃኑን አውጥተን፣ ለአራት ተሸክመን አሻገርነው። ከዓሣ ነጋዴዎቹ የበረዶ ድንጋይ ገዝተን ታች ደረደርንና ኮካዎች አስገባንበት። አራቱን ወንበሮቼን፣ ጠረጴዛዬን፣ የጠረጴዛ ልብሴን፣ በመጨረሻም ፍራሼን ወሰድን። ቤቴ ውስጥ የቀረው የአልጋው ብረት፣ አንድ ባልዲና ግድግዳው ላይ ያለችው ማርያም ብቻ ነበሩ። ማርያምንም ለመውሰድ ኦርዚሊያ እጇን ዘርግታ ነበር፤ እሷን እንኳ ተይልኝ አልኳት።

ሙሴ ኬስኔል በሞተር ሳይክል መጣ፤ ከደጅ ጀምሮ የዶሮው ወጥ ሽታ ተቀበለው። ፊሎሚዝ ፀጉሯን ተሠርታለች፤ ልጆቹ ታጥበዋል፤ ቴሌቪዥኑ ጥቁር ሆኖ በመኪና ባትሪ እየሠራ የእግር ኳስ ይጮኻል።

"ይግቡ ሙሴ፣ ይቀመጡ፣ የፈለጉት ወንበር ላይ" አለች ኦርዚሊያ፣ ቤቱ የእሷ ይመስል።

ፊሎሚዝ ፍሪጁን ከፍታ ቀዝቃዛ ኮካ ሰጠችው። ልጁ ጠርሙሱን ግንባሩ ላይ አስነካና "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዓመት ሙሉ በዚህ መስመር እንዲህ የቀዘቀዘ ነገር አልጠጣሁም" አለ። ጋሽ ኔሬስ መስኮቱ ላይ ሆነው በአገጫቸው አመሰገኑኝ።

በመጀመሪያ ስፌቱን አየ። ፊሎሚዝ ስትሰፋ እጅ አይታይም፤ ጨርቁ ብቻ ነው የሚሄደው። ከዚያ ታብሌቱን ከፍቶ መጠየቅ ጀመረ።

"ወንበር አለ?"

"አለ።"

"ፍሪጅ?" ራሱ ነካው። "ቴሌቪዥን?" ራሱ ሰማው። "በዚህ ሳምንት ሥጋ ተበልቷል?"

"ዛሬም ይበላል!" አለች ኦርዚሊያ ከደጅ።

"ማዳም፣ እባክዎ የቤቱ ባለቤት ይመልሱ።" ወደ ፊሎሚዝ ዞረ። "የቤተሰብ ብዛት?"

"አራት ነን" አለች። እዚህ ላይ ፊሎሚዝ እንደ መነቃቃት አለች፣ ጌርላንድንም በትከሻዋ ይዛ ወደ ፊት አቀረበቻት። "አምና ሦስት ነበርን፣ ሙሴ። ይቺ ልጄ ሌ ካይ ሰው ቤት ነበረች። በዚህ መኪና ነው ያስመለስኳት። ይሄን ጻፉልኝ።"

ሙሴ ኬስኔል ለጌርላንድ ፈገግ አለላት። "በጣም ደስ ይላል። እሱ መጨረሻ ላይ 'ሌላ አስተያየት' የሚል ቦታ አለ፣ እዚያ እናስገባዋለን" አለ። ከዚያ ስለ ጣራው ጠየቀ፣ ስለ ፍራሹ ጠየቀ፤ ፍራሼን በእጁ ጫን ጫን አደረገው። ወጡን በላ፤ ጎመኑ ላይ ያለው ቃሪያ አስለቀሰው፤ ሁለተኛ ኮካ ጠጣ። ሌላ አስተያየት የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ምሳ ቀርቦ ነበርና አለፈው።

በልቶ ሲጨርስ ተነሳና የፊሎሚዝን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

"እንኳን ደስ ያለዎት። ይህ ቤት ከችግር ወጥቷል። በዚህ መስመር ካሉት ቤቶች ሁሉ አንደኛ ነዎት።"

ግቢው አጨበጨበ። ጋሽ ኔሬስ "አላልኳችሁም?" አሉ። ኦርዚሊያ እልል አለች።

"በደንቡ መሠረትም" አለ ልጁ፣ "ከችግር የወጣ ቤት መኪናውን ለሚቀጥለው ችግረኛ ያስተላልፋል። ሰኞ የጭነት መኪና መጥቶ ይጭነዋል። ፎቶ እንነሳ?"

እልልታው ኦርዚሊያ አፍ ውስጥ ቀረ። ቴሌቪዥኑ ብቻ ጎል ገባ እያለ ይጮኻል። የፊሎሚዝ እጅ አሁንም በእጁ ውስጥ ነው።

አፌን ከፈትኩ። ፍሪጁ የእኔ ነው፣ ወንበሩ የእኔ ነው፣ የሚተኙት ሰሌን ላይ ነው ልል ነበር። ፊሎሚዝ ግን አየችኝ። ጌርላንድ አጠገቧ ቆማለች፤ ግቢው ሁሉ መስኮትና በር ላይ ተኮልኩሏል፤ እንግዳው ዓይን ዓይኗን ያያል። ያ አስተያየቷ "ወዮልሽ" ነው የሚለው። አፌን ዘጋሁ። ፎቶውን ተነሳች፤ በፎቶውም ላይ ፈገግ ብላለች አሉ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ምን ነበረበት።

ሙሴ ኬስኔል ሊወጣ ሲል የእኔ በር ክፍት ነበር። ኦሬስት ከባሕር ተመልሶ ባዶ ቤት ጠብቆታል። በባልዲው ላይ ተቀምጦ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ መረብ ይጠግናል። ልጁ በሩ ላይ ቆመ። ባዶውን ወለል አየ፣ የአልጋውን ብረት አየ፣ ሰደርያውን አስተካከለ።

"ይህ የማን ቤት ነው?"

"የእኔ ነው" አልኩ፣ "ግን እኛ እንኳ ደህና ነን፣ ሙሴ።"

"በጣም የተቸገረ ሰው ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚለው" አለ በሐዘኔታ። ወደ ኦሬስት ዞረ። "አባቴ፣ ፍራሽ የለዎትም?"

"ጠዋት ነበረኝ" አለ ኦሬስት።

"ወንበርስ?"

"ሚስቴን ጠይቃት።"

"ሥጋ ለመጨረሻ ጊዜ የቀመሱት መቼ ነው?"

ኦሬስት አፍንጫውን ወደ ፊሎሚዝ ቤት አነሳ። "ዛሬ ሽታው ደርሶኛል" አለ።

ልጁ እዚያው ቆሞ፣ የሚቀጥለው ችግረኛ ይህ ቤት ነው ብሎ ታብሌቱን ይነካካ ጀመር። እኔ ተከትዬ "መኪናው እዚያው ፊሎሚዝ ጋ ይሁን፣ እኔ ስፌት አልችልም፣ እጄ ዓሣ ከመገነጣጠል ሌላ አያውቅም" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ ሁሉ እርጥብ ሆነ። "ጎረቤትን ማስቀደም" አለ፣ "ይህንንም እጽፈዋለሁ።" ለእሱ ቦታ ነበረው።

ሲሄድ ዕቃውን መመለስ ጀመርን። ፍሪጁን ስንሸከም የቀለጠው በረዶ እግራችን ላይ ይንጠባጠባል። ፊሎሚዝ በአንድ ጎን፣ እኔ በሌላ ጎን ነን።

"ለምን አልተናገርሽም?" አለችኝ።

"እኔ? ዝም በይ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?"

"መቼ አልኩሽ?"

"በዓይንሽ ነዋ! አየሁሽ እኮ!"

"ዓይኔን ትሰሚያለሽ? ስንት ዘመን በአፌ የነገርኩሽን አንዱን ሰምተሽ አታውቂም፣ ዛሬ ዓይኔን ሰማሽ?"

"ሴቶች፣ ፍሪጁ!" አሉ ጋሽ ኔሬስ፤ አንደኛውን ጫፍ የያዙት እሳቸው ናቸው። መሬት አስቀመጥነው።

"ታዲያ አንቺው ለምን አልተናገርሽም?" አልኳት።

"ልጄ ቆማ እየሰማች፣ ወንበሩ የእኔ አይደለም ልበለው? ሰሌን ላይ ነው የምተኛው ልበለው?" ፍሪጁን በመዳፏ መታችው። "አንቺ ብትናገሪ ግን አንቺ ነሽ የተናገርሽው። እኔ ልቆጣሽ እችል ነበር። ተቆጥቼሽ መኪናው ይቀርልኝ ነበር።"

ጎንበስ ብዬ የፍሪጁን ጫፍ ያዝኩ። ጋሽ ኔሬስም በእሳቸው በኩል አነሱ።

በእሑድ ፊሎሚዝ ከመኪናው አልተነሳችም፤ ቤተ ክርስቲያንም አልሄደችም። ሰኞ ጠዋት መኪናው ሲጫን ገና ያልተሰፋው ዩኒፎርም እጅጌው ለብቻ፣ አንገቱ ለብቻ ሆኖ አልጋዋ ላይ ተቆልሏል። እኔ መኪናውን ወደ ቤቴ ያመጡታል ብዬ ነበር፤ ያኔ ፊሎሚዝ እኔ ቤት ሆና ትሰፋለች፣ ነገሩም ይረሳል ብዬ። እነሱ ግን ወደ ሰበካው አዳራሽ ወሰዱት። አዲስ ሰልጣኝ ኮርሱን እስኪጨርስ መኪናው እዚያ ነው የሚቆየው። ኮርሱ የሚያልቀው ደግሞ ትምህርት ቤት ተከፍቶ፣ ልጅ ሁሉ ዩኒፎርሙን ለብሶ ካበቃ በኋላ ነው።

እናቶቹ አንድ በአንድ መጥተው ጨርቃቸውን ወሰዱ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም። አንዷ ብቻ "እኛ እኮ አምነንሽ ነበር" አለች፤ እሷም ወዲያው ደነገጠችና ልጇን ሳመችላት።

ትምህርት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው ጌርላንድ ሄደች። ቢጫውን ቀሚስ አጥባ፣ አጣጥፋ በፌስታል ይዛዋለች፤ የለበሰችው አሮጌውን ነው። የሌ ካይ አውቶቡስ እስኪሞላ አብረን ቆምን። እናቷ የአንገቷን ቁልፍ ደጋግማ ትቆልፍላታለች። ኮረኮርኳት፣ "ማዳም ቢየኔሜን 'ደክሞኛል' በያት እሺ?" አልኳት፣ ትስቃለች ብዬ።

"እሺ እመቤት" አለችኝ።

እኔ እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ ተማሪ ሆንኩ። የገዛ ደብተሬን በደረቴ ታቅፌ ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ወጣቶች ጋር አዳራሽ እገባለሁ። መምህሯ ስፌቴን አንስታ ለክፍሉ አሳየችና "ማዳም ኦሬስት መንገድ እየሰፉ ነው፣ የተራራ መንገድ" አለች። ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነገር አልወጣልኝም። የሚመረቁትን አስመረቁ፣ በፈረንሳይኛ ተነገረ፣ አጨበጨብን፤ መኪናው በኅዳር ወደ ቤቴ ገባ።

የዚያኑ ቀን የፊሎሚዝን በር አንኳኳሁ። ከነሐሴ ወዲህ ከሰላምታ በላይ አንነጋገርም ነበር። "ነይ ስፊ" አልኳት። ክሯን ይዛ መጣች። ከዚያ ወዲህ ቀን ቀን እኔ ቤት ትሰፋለች። ዩኒፎርሙ አልፏል፤ ያለው እጥፋትና ጥገና ነው። ለገና አብረን ሌ ካይ ሄድን። ማዳም ቢየኔሜ በሩ ላይ ሆና "እንደ ኳስ አመላልሳችሁ አትጫወቱባት፤ ዘንድሮ አልለቃትም፣ ልጆቼ ለምደዋታል" አለችን። የጌርላንድን ድምፅ ከጓሮ ሰማን እንጂ እሷን አላየናትም። ሰሃን ነበር የምታጥበው።

በጥር ሙሴ ኬስኔል መጣ። ሞተሩን ስንሰማ ፊሎሚዝ ከመኪናው ተነሳች፣ እኔ ተቀመጥኩ። የጀመረችውን የሕፃን ሱሪ ይዤ ፔዳሉን መታሁ።

"ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው ማዳም ኦሬስት!" አለ ገና ሳያየው። ወንበር፣ ፍራሽ፣ ነጭ ፍሪጅ ሲያይ አፉን ያዘ። "በሁለት ወር!" አለ። "ይህ ሊታመን አይችልም!" እኔ ሱሪው ላይ አጎነበስኩ።

ከዚያ ፊሎሚዝን አያት። "እርስዎንም ነበር የምፈልገው። ከችግር ለወጡ ቤቶች የመጨረሻ ክትትል አለ፣ አጭር ነው።" እዚያው ቆማ ትመልስለት ጀመር።

"የቤተሰብ ብዛት?"

"ሦስት።"

ወደ ኋላ ገለጠ። "በነሐሴ አራት ነበራችሁ። ይቅርታ፣ ሰው ሞተባችሁ?"

"አልሞተም። ትልቋ ልጄ ሌ ካይ ናት።"

"ለትምህርት?"

ፊሎሚዝ ከቀሚሷ ላይ ክር ለቀመች።

"ሰው ቤት" አልኩ እኔ ከመኪናው። በዚህኛው ጊዜ ዓይኗን አልጠበቅኩም።

ልጁ ታብሌቱን ወደ ላይ ወደ ታች ፈለገው። "ሰው ቤት የሚል የለም። 'ሌላ ቦታ ትኖራለች' ብዬዋለሁ።" ስለ ምግብ ጠየቃት፣ ስለ ገቢ ጠየቃት፤ እሷም ያለውን እንዳለ ነገረችው፤ አሁን የምትደብቀው ነገር አልነበራትም። ልጁ ጨርሶ አንድ ቦታ ነካና ጠበቀ። ፊቱ በራ።

"ያውቃሉ? እኔ ራሴ ፈርቼ ነበር፤ መኪናውን ከመለሳችሁ በኋላ ወደ ኋላ የምትመለሱ መስሎኝ። በነፍስ ወከፍ ሲታይ ግን ጨምሯል። ምግቡም፣ የመኝታ ቦታውም። ለአንድ ሰው የሚደርሰው ከነሐሴው ይበልጣል።" እጇን ጨበጣት። "እንኳን ደስ ያለዎት።"

ፊሎሚዝ እጇን ሰጠችው። ልጁ ጎንበስ ብሎ ተሰናበተን፣ ሞተሩን አስነስቶ በዓሣ ገበያው በኩል ሄደ። የሞተሩ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ፔዳሉን እየመታሁ ነበር፤ ለካ ማቆም ረስቻለሁ።

"ጨምሯል ነው ያለው?" አለችኝ።

"ጨምሯል አለ።"

ክሯን ከጠረጴዛው አነሳች። ከዚያ ትከሻዬን በእጇ ጀርባ ገፋ አደረገችኝ።

"ተነሺ በቃ። የሰውን ሱሪ አበላሸሽው።"

ተነሳሁ። ተቀመጠች፣ ሱሪውን ወደ ብርሃኑ አዙራ ያየችውን አየች፣ ከዚያ እኔ የሰፋሁትን ክር በጥርሷ እየበጠሰች መፍታት ጀመረች።